መምህር ወልደሰማያትና የጨርቅ ኮከቦቹ

የሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት በልግ ዝናቡ የበዛበት ነበር። ጂንካ መቼም ዝናብ አይጎድልባትም፤ ያን ዓመት ግን ከመጋቢት ጀምሮ ሰማዩ እንደ ተከፈተ ቀረ። የአውሮፕላን ሜዳው ሣር ጉልበት ደረሰ። ላሞቹ ሆዳቸው እስኪወጠር ይግጡታል፣ የሚያባርራቸው የለም። የሚባረሩት አውሮፕላን ሲመጣ ነበር፣ አውሮፕላኑም በጭቃው ምክንያት ቀርቶ ነበር። ስኳር ጠፋ። ለፋኖሳችን ላምባ ጠፋ። አጥበን ያሰጣነው ልብስ ሳይደርቅ ሻገተ። እኔ በረንዳዬ ላይ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ ዝናቡን ሳይ እውል ነበር። ምን ይሰማሽ ነበር ብትሉኝ፣ አንድ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ነበር የሚሰማኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ደስ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ ግን ጠብቄ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ጓሮዬ ባለችው ክፍል መምህር ወልደሰማያት ተከራይቶ ይኖር ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እያልኩት ኖሬአለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበርና እሱ ልበለው። እኔ ያኔ ሠላሳን ተሻግሬአለሁ። ባሌ በሚሊሺያ ወደ ሰሜን ሄዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ልብስ እየሰፋሁ፣ ጓሮዬን እያከራየሁ እኖራለሁ። ያለኝ ትምህርት ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጥቂት ተጨመረበት። ይኸን የምጽፈው በዚያ ነው፤ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ።

ወልደሰማያት የመንዝ ልጅ ነው። መስከረም ላይ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጣ። ጓዙ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ከልብሱ ይልቅ በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ክምር ይበዛል። ከመምህራን ማሠልጠኛው በስቴንስል ተባዝቶ የተሰጠው ትምህርት ነው። በመጣ በሳምንቱ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ምንነቱን ጠየቅሁት።

«የትምህርት ሥነ ልቦና ነው፣ እትዬ ሙሉነሽ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ልጅ ለምን እንደሚማር ይነግርዎታል።»

«ለምንድነው የሚማረው?»

«ብዙ ምክንያት አለው። ከውስጥ የሚመጣ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ አለ።»

«እኛ ዘንድ አንድ ነው፤ አባቱ ስለላከው።»

አሰበበት። እሱ እንደዚህ ነበር፤ ለቀልድም ያስብ ነበር። «እሱ ከውጭ የሚመጣው ነው» አለኝ ቆይቶ።

የተሰጠው ክፍል አራተኛ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ከጥቂት የከተማ ልጆች በቀር ከበና አገር የመጡ ወንዶች ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ በተሠራች የጭቃ ቤት ያድራሉ። በዚያን ጊዜ መንግሥት አባቶችን ልጅ ስጡ ይል ነበር። አባቶቹም አንድ ልጅ ብቻውን ከተማ አይኖርም ብለው ሁለት ሁለት እያደረጉ፣ ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ሰጡ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ ታላቅና አንድ ታናሽ ይቀመጣል። ታላቆቹ አንዳንዶቹ ጢም ያበቀሉ ናቸው። ወልደሰማያት ራሱ መስከረም ላይ መንደር ለመንደር ዞሮ ከአባቶቹ ተቀብሏቸዋል። «ልጆቻችንን ለማን ነው የምንሰጠው?» ሲሉት «ለእኔ፤ እኔ አለሁ» ብሏል። ይኸ ቃል በኋላ ከበደው።

ከእሱ በፊት የነበረው መምህር አንድ የወይራ ዱላ ክፍሉ ውስጥ ትቶ ሄዶ ነበር። ወልደሰማያት ዱላውን አምጥቶ ለልብስ መስቀያ ይሁንዎ ብሎ ሰጠኝ። ጥሩ ዱላ ነበር፤ ካፖርት ይሸከማል።

«በዱላ የተማረ ልጅ የሚማረው ዱላውን ነው» አለኝ።

«ታዲያ እርስዎ በምን ሊያስተምሩ ነው?»

«በሽልማት። ልጅ ትክክል ሲሠራ ወዲያው፣ ሰው እያየ መመስገን አለበት። ያን ጊዜ ይደግመዋል። ሌላውም አይቶ ይቀናል።»

ሽልማቱ ኮከብ ነበር። ከዙህራ ሱቅ ቀይ ፖፕሊን ገዛ። ዙህራ የወሎ ሰው ናት፤ ጨርቁን ለአብዮት በዓል አምጥታ የተረፋት ነው። እኔ ቆርጬ ጠርዙን እየዘመዘምኩ ኮከብ ሠራሁለት፤ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይያዛል። ዙህራ ስትጠይቀኝ «ለድምር ነው» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ የካድሬ ስብሰባ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አለች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን ልጆቹን ቀይ ኮከብ አድርገው መንገድ ላይ አይቶ መምህሩን በስብሰባ አመሰገነው። ለድምር መሆኑን የነገረው የለም።

የመጀመሪያውን ኮከብ ያገኘው ዙቦ የሚባል ልጅ ነው፤ የኦይታ ታናሽ። ዙቦ ዓይኑ ፈጣን፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ኦይታ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ነው፤ ሲስቅ እንኳ አስቀድሞ ያስብበታል። መምህሩ ድምር ጠየቀ፣ ዙቦ መለሰ፣ ተጠርቶ ወጣ፣ ኮከብ ተደረገለት፣ ክፍሉ አጨበጨበ። በማግሥቱ ዙቦም ኦይታም አልመጡም።

«ጉንፋን ይሆናል» አለ ወልደሰማያት።

ቀጥሎ ሌላ ታናሽ ተሸለመ። እሱም ከወንድሙ ጋር ጉንፋን ያዘው። እስከ ገና ድረስ ክፍሉ ውስጥ ኮከብ የተሰጠው ወንበር ሁሉ ባዶ ሆነ። አንድ ጠዋት በረንዳዬ ስወጣ በስፌት መኪናዬ ክዳን ላይ ኮከቦቹ ተደርድረው አገኘሁ፤ መርፌ ቁልፋቸው እንኳ አልጎደለም። ማን እንዳስቀመጣቸው አላየሁም። ለመምህሩ ሰጠሁት።

«ትሕትና ነው» አለ፣ አገላብጦ እያያቸው።

«ሁሉም በአንድ ቀን ትሑት ሆኑ?»

«ወይም ኮከቡ አንሶ ይሆናል። ሽልማት ለተሸላሚው ትርጉም ሊኖረው ይገባል ይላል ትምህርቱ።»

«ትልቅ ሲሆን ትርጉም ይኖረዋል?»

«እስቲ እንሞክር።»

መዳፍ የሚያህሉ ሠራሁለት። የቀሩት ልጆች መዳፍ የሚያህለውን ባዩ ጊዜ መመለስ አቆሙ። አምስትና ሦስት ስንት ነው ሲባል ጣሪያ ያያሉ። ኮከብ የሚያገኙት የከተማ ልጆች ብቻ ሆኑ፤ ከነሱም አንዱ፣ የኛው ጎረቤት ልጅ፣ ደረቱ ላይ ሰባት አድርጎ ሲሄድ ውሾች ይጮኹበት ነበር።

በጥምቀት ሰሞን ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተ ማርያም ቤቴ ድረስ መጡ። ሱሪ ለማሳጠር ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን ጓሮውን ያያል። ወልደሰማያት ወጥቶ ሰላም ሲላቸው ሱሪያቸውን ረሱት።

«ወልደሰማያት፣ ሰው ልጅ በዱላ ሲያባርር አይቼ አውቃለሁ። በኮከብ ያባረርክ አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ ዘዴው ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ የለህም። መጋቢት ላይ ከክፍለ ሀገር ኢንስፔክተር ይመጣል። የዚያ ክፍል ግማሽ እንኳ ካልሞላ ይዘጋል ተብሏል። ማደሪያቸውም ለእህል መጋዘን ይሰጣል። አንድ ጊዜ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ተመልሶ ሲከፈት እኔ አላየሁም። ዱላውን የት አደረግኸው?»

ወልደሰማያት ወደ እኔ አየ። አቶ ሀብተ ማርያምም ወደ እኔ አዩ። ካፖርታቸው ተሰቅሎበት ነበር።

በዚያ ቀን ወልደሰማያት ምሳ አልበላም። «ዘጉት ማለት እኮ» አለኝ፣ «እኔ ከአባቶቻቸው የተቀበልኳቸውን ልጆች በትኜ መመለሴ ነው። ሌላ ጊዜ አንድ አባት ልጁን አይሰጥም። አይፈረድበትም።» ወጡን አሞቅሁለት።

የካቲት ላይ ዝናቡ ሳይገባ ፈቃድ ጠይቆ ወደ በና አገር ሄደ። እስከ ቀይ አፈር በመኪና፣ ከዚያ በእግሩ። የሄደው ልጆቹን ሊመልስ ነው። ሲመጣ ጫማው ተሰንጥቆ፣ አፍንጫው ተልጦ ነበር። እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ደጋግሞ ስለ ነገረኝ አብሬው የነበርኩ ይመስለኛል።

ከኦይታና ከዙቦ አባት ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ቦርኮቶአቸው ላይ፣ የእንጨት መቀመጫዋ ላይ፣ ተቀምጠዋል። የተፈላ የቡና ገለባ በቅል ሰጡት፤ ጠጣ። እሱ በንኛ አይችልም፣ ሽማግሌው አማርኛ አይችሉም፤ ያስተረጎመው ኦይታ ነው። ኦይታ ስለ ራሱ የተባለውን ስለ ሌላ ሰው እንደ ተባለ አድርጎ፣ ፊቱን ሳይለውጥ ያስተረጉም ነበር አለኝ።

«አንተ አገር ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ከብት ይዘላል ወይ? ይላል አባቴ።»

በናዎች ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱ የሚታወቀው በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሲሮጥ ነው። ይኸን ጂንካ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከድምር ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር።

«እኛ አገር ከብት አይዘለልም» አለ ወልደሰማያት።

ይኸ ሲተረጎም ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ታዲያ ወንዱ በምን ሰው ይሆናል? ይላል።»

«በትምህርት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይላል።»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

አባትየው ይኸን ሲሰሙ ለመምህሩ አዘኑለት። ቅሉን ደግመው ሞሉለት። «በእኛ በአንድ ቀን ነው ይላል።» ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ። ኦይታ መሬት እያየ አስተረጎመው። «ኦይታ ገና አልዘለለም። እሱ ሳይዘል ዙቦ አይዘልም። ይጠብቃል። አንተ ግን ዙቦን በሰው ፊት አቆምከው፣ ቀይ አደረግህለት፣ ሰው እጁን መታ። ታላቁ ቁጭ ብሎ አየ። ይላል።»

«ድምር እኮ ነው» አለ ወልደሰማያት።

«ድምሩን አላየሁትም ይላል። ታላቁ ቁጭ እንዳለ ግን ሰማሁ ይላል።»

ወልደሰማያት ቅሉን አስቀመጠ። ምን እንዳሰበ ጠይቄዋለሁ። ትምህርቱ ውስጥ ስለ ቅናት አንድ ምዕራፍ እንዳለ፣ ስለ ታላቅ ወንድም ግን ምንም እንደሌለ ነው ያሰብኩት አለኝ። ቆይቶ ጠየቃቸው።

«ታላቁ ቢቀድምስ?»

«ይቅደም እንጂ ይላል።»

«የማያውቀውን ከተጠየቀስ?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። የመለሱት አጭር ነበር። ኦይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አስተረጎመው።

«ታናሽ ምን ይሠራለታል? ይላል።»

ወልደሰማያት ኦይታንና ዙቦን ይዞ ተመለሰ። ወሬው ስለ ተሰማ ከሌሎቹም መንደሮች ልጆች እየተንጠባጠቡ መጡ። ክፍሉም አዲስ ሥርዓት ወጣለት። ጥያቄ ለልጅ መጠየቅ ቀረ፤ ለወንበር ሆነ። ወንበሩ ይጠየቃል፣ ታናሹ በታላቁ ጆሮ ይናገራል፣ ታላቁ ተነሥቶ ይመልሳል። ታላቁ ካወቀው ጆሮ አያስፈልግም። ከዚያ መምህሩ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይኸን ደግሞ ታላቁ ከራሱ መመለስ አለበት፣ ጆሮ የለም። ኮከቡ አንድ ነው፤ ታናሹ በእጁ ለታላቁ ያደርግለታል፣ ቀን ሲሞላው ታላቁ ለታናሹ ያወርሰዋል።

አቶ ሀብተ ማርያም በመስኮት አይተው ጠሩት።

«ይኼ ኩረጃ ነው።»

«ጋሼ፣ ኩረጃ ሲደበቅ ነው። ይኼ ሕግ ሆኖ ወጥቷል።»

«ሕግ ያወጣኸው አንተ!»

«አዎ፤ ግን ይሠራል።»

ሠርቷልም። ያቺ «እንዴት ሆነ» የምትባለው ጥያቄ ታላቆቹን አላስተኛቸውም። የታናሽን ቃል ይዞ መቆም ቀላል ነው፤ እንዴት ሲባል አፍ ከፍቶ መቅረት ግን ለጢማም ሰው ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ በግቢው በኩል ሳልፍ፣ ታናናሾቹ በእንጨት መሬት ላይ ቁጥር እየጫሩ ታላቆቹ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አያለሁ። ኦይታ ግን ከሁሉም ዘገየ። ክፍልፋይ የሚባለው አልገባውም። ዙቦ ያስረዳዋል፣ ኦይታ ያስባል፣ ዙቦ ይጠብቃል።

እንግዲህ ዝናቡ የጣለው በዚህ መካከል ነው። መጋቢት አለቀ፣ አውሮፕላኑ ቀረ፣ ኢንስፔክተሩም ቀረ። ወልደሰማያት ጠዋት ጠዋት ወጥቶ የሜዳውን ጭቃ በተሰነጠቀ ጫማው ጫን እያደረገ ያያል።

«እንዲደርቅ ነው የሚፈልጉት እንዳይደርቅ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ለክፍልፋይ ሁለት ሳምንት ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል» አለ። እግዚአብሔር ሦስት ሰጠው።

ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ላሞቹ ተባረሩ፣ አውሮፕላኑ አረፈ። ኢንስፔክተሩ አቶ ወርቅነህ ይባላሉ፤ ጥቁር ቦርሳ የያዙ፣ ጭቃ የማይወዱ ሰው ናቸው። በመጡበት ቀን እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አቶ ሀብተ ማርያም ልጆቹ ዩኒፎርም ሊሰፋላቸው ነው እንዲባል ሜትሬን ይዤ መጨረሻው ወንበር ላይ እንድቀመጥ አድርገውኛል። ጨርቁ ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ገብተው ልጆቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። ከግማሽ በላይ ነበሩ። አቶ ሀብተ ማርያም ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«መገኘቱ ደህና ነው። ይማራሉ ወይ? ከወንበሩ ጋር እንዲሁ የሚቀመጥ ልጅ ለመቀለብ በጀት የለም» አሉ። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ከዚያ በጣታቸው ዙቦን ጠቆሙ።

«አንተ።»

ዙቦ ጣሪያውን አየ።

«አያውቅም።»

«ያውቃል፣ ጓድ» አለ ወልደሰማያት። «ወንበሩን ቢጠይቁ ነው የሚመልሰው።»

«ወንበሩን?»

ወልደሰማያት ሥርዓቱን አስረዳ። ኢንስፔክተሩ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲጨርስ «በሥራዬ ዘመን ኩረጃን የሚያስረዳ መምህር አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ዙቦን ወደ ውጭ ላኩትና ኦይታን ወደ ሰሌዳው ጠሩት። «ጆሮህን ብቻ ይዘህ ና።»

ኦይታ ወጣ። ጠመኔው በእጁ ውስጥ ጠፋ። ብዙ ቆየ። ውጭ የላም ደወል ይሰማል። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ሁለት አምስተኛ። እኔ ልክ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፣ የወልደሰማያትን ፊት ግን አየሁ።

ኢንስፔክተሩ ዙቦን አስጠርተው የኦይታን መልስ ሳያጠፉ «አንተስ ስንት ትላለህ?» አሉት። ዙቦ ሰሌዳውን አየ። ወንድሙን አየ። ጠመኔ ተቀብሎ ከወንድሙ መልስ በታች፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ።

«በቃ» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ ቦርሳቸውን እየዘጉ። «ሁለቱም አያውቁም። አቶ ሀብተ ማርያም፣ ለዚህ ነው እህል የሚሰፈረው?»

ወልደሰማያት ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ጓድ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ይፈቀድልኝ።»

«ማንን?»

«ታላቁን።»

ኢንስፔክተሩ በእጃቸው እሺ አሉት። ወልደሰማያት ወደ ኦይታ ዞረ።

«ኦይታ፣ ያ መልስ እንዴት ሆነ?»

ኦይታ ሰሌዳውን አየ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩ አለ። ይኸን ራሱ ሲናገር ግንባሩ ተቋጠረ። «ግማሽ ነበር» አለ። «ጨመርኩበት። አነሰ።» ቆም አለ። «ሲጨምሩበት አያንስም።»

ኦይታ ወደ ዙቦ ሳይዞር በንኛ አንድ ቃል ተናገረ። ዙቦ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንሾካሾከ። ኢንስፔክተሩ እያዩ አለፉት። ኦይታ የራሱን መልስ በመዳፉ አጠፋ፤ የዙቦን አልነካውም። ሦስት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ፣ በእያንዳንዱ ላይ ለምን እንደሆነ ተናገረ፣ አምስት ስድስተኛ ብሎ ጨረሰና ጠመኔውን ለወንድሙ አቀበለው። ዙቦ የራሱን አጥፍቶ አምስት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ሌላ ከባድ ክፍልፋይ ሲሰጡ ኦይታ «ሂድ» አለው፤ ዙቦ እንደ ውኃ አወረደው።

«ቆይ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ታዲያ የመጀመሪያውንም ያውቀው ነበር?»

«ያውቀው ነበር» አለ ወልደሰማያት።

«ለምን ስሕተት ጻፈ?»

«ታላቁ ተሳስቶ ስለነበር።»

ኢንስፔክተሩ ዙቦን አዩት። ዙቦ ጣሪያውን አየ። «እኔም ታላቅ ወንድም አለኝ» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ ለማንም ሳይሆን። ሌሎቹንም ወንበሮች ጠየቁ። ደኅና መለሱ፤ የጎረቤቴ ልጅ ብቻ በጆሮው የሚነግረው አጥቶ ሁለት ጥያቄ ሳተ።

ውሳኔውን የተናገሩት በማግሥቱ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ ነው። ሜዳው ቤቴ አጠገብ ስለሆነ በረንዳዬ ሥር ቆመው ነበር።

«ክፍሉ ይቀጥላል፤ ማደሪያውም አይነካም» አሉ። አቶ ሀብተ ማርያም እጅ ነሡ። «የጆሮው ነገር በመመሪያ የለም፤ እኔም አላየሁትም። አንተ ግን፣ ጓድ ወልደሰማያት፣ ሐምሌ ላይ ቆላ ወዳለችው ሃና ትዛወራለህ። እዚያ ክፍል አለ፣ ወንበር አለ፣ ልጅ የለም። የሸሸ ልጅ የሚመልስ መምህር ሲፈለግ ነበር።»

«ጓድ፣ እነዚህን እኔ ነኝ ከአባቶቻቸው የተቀበልኳቸው። አለሁ ብያለሁ።»

«እነዚህማ መጥተዋል።»

አቶ ሀብተ ማርያም ወልደሰማያትን ትከሻውን መታ መታ አድርገው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ወልደሰማያት አመሰግናለሁ አለ። ላሞቹን አባረሩና አውሮፕላኑ ተነሣ።

ትምህርት ሲዘጋ ኦይታን ጠርቶ ነገረው፤ እኔ የኦይታን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር።

«ለአባትህ ምን ትለዋለህ?» አለው።

ኦይታ እንደ ልማዱ አሰበበት። «ሃና ያለው ክፍል ታናሽ ነው፣ መምህር እሱ ጋ ሄደ እለዋለሁ።»

«ቃሉን አጠፈ ይለኝ ይሆን?»

«ክፍሉ ተዘግቷል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አልተዘጋም እለዋለሁ።»

ወልደሰማያት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ሲያነሣ አልሰማሁም።

ወደ ሃና መኪና ስላልነበረ በእግሩ ነው የሄደው፣ ሳጥኑን ሁለት ሰዎች ተሸክመውለት። አዲስ ሸሚዝ ሰፍቼለት ነበር፤ ላላ እንዲል አድርጌ፣ በረሃ ነውና። ሲሰናበተኝ ልናገረው ያሰብኩት ነገር ነበር። «መንገዱ ጭቃ ነው» አልኩት። «አዎ» አለ። ክፍሏን ከእሱ በኋላ የጨው ነጋዴ ተከራያት። ደህና ሰው ነበር፤ ግን ምንም ነገር አያስብበትም።

በቦታው የመጣው መምህር ውባየሁ ይባላል። የወንበሩን ሥርዓት ያስረዳው ኦይታ ነው አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከወንድማማቾቹ ብዙዎቹ የስድስተኛን ፈተና አለፉ፤ ኦይታ በሁለተኛ ሙከራው አለፈ፣ ዙቦ ደግሞ በዚያው ዓመት ነው የተፈተነው፣ ቀድሞ መፈተን ሲችል።

የወልደሰማያትን ወሬ በሰው በሰው እሰማ ነበር። ሃና አራት ዓመት ቆየ። ክፍሉ ሲሞላ ወደ ቱርሚ አዛወሩት። ቱርሚም ሲሞላ ወደ አርቦሬ። ሚስት አግብቷል የሚል ወሬ ነበር፣ አላገባም የሚልም ነበር። ሁለቱንም የነገረችኝ ዙህራ ናት። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ የመምህራን ደመወዝ ተቋርጦ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ እሱም መንዝ ገብቶ ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ዘሩ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ አርቦሬ ላይ አይቼዋለሁ አለኝ። ጥላ ሥር ልጆች ሰብስቦ ነበር፣ ሸብቷል አለኝ። ጊዜው የሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ነው። መምህር ወልደሰማያት አርቦሬ ነበር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም።